እሳቱ ገራዶ ደርሶ ነበር

   

ለዛሬ ያሰብኩት ስለ ሕፃናት ሳል ለመጻፍ ነበር። ሆኖም የልጅ ልጄ የጠየቀኝን ጥያቄ ሰሞኑን ሁለት እናቶች ከየልጆቻቸው ሰምተው ስላነሱልኝ፣ የሳሉን ነገር ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድሬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ደሴ ይኖራሉ፤ እሱ ግን ትምህርት በማይኖርበት ቀን ሁሉ እኔ ዘንድ ገራዶ መጥቶ ማደር ይወዳል። ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት፣ ተኝቷል ብዬ ብርድ ልብሱን ላስተካክልለት ስገባ እጄ ጠንካራ ነገር ነካ። ገለጥ አድርጌ ባይ ልጁ ጫማውን እንደተጫማ፣ ክሩን ጥብቅ አድርጎ እንዳሰረ ተኝቷል። ላወልቅለት ስል ነቃ።

«እማማ፣ አታውልቂብኝ» አለኝ።

«ምነው ልጄ? በጫማ ይተኛል እንዴ?»

«እሳቱ ማታ ከመጣ እንድሮጥ ነው። እማማ፣ እሳቱ ገራዶ ይመጣል?»

በዚያ ሰሞን በየስልኩ የሚታየውን ታስታውሱታላችሁ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ዕለት በአፋር ክልል የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ልጁ በትልልቆቹ ልጆች ስልክ ላይ ሰማይ ጠቀስ ጭስ አይቷል። ከዚያም አንዱ «ቀጥሎ ወሎ ነው» ብሎታል። አባቱን ሲጠይቀው «ዝም በልና ተኛ» ተብሏል። አባቱ ልጄ ነው፤ ደክሞት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ዝም የተባለ ሕፃን ፍርሃቱ አይሄድለትም፤ ብርድ ልብስ ስር ይዞት ይገባል። የኔም ልጅ ይዞት የገባው በጫማው ነው።

ሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ አንድ የተማርኩት ነገር፣ የፈራ ልጅ ከማባበል ይልቅ እውነቱን በልኩ መስማት እንደሚያረጋጋው ነው። መርፌ ልወጋው ስል «አያምህም» ያልኩት ልጅ ሁለተኛ አያምነኝም። «ትንሽ ያምሃል፣ ቶሎ ያልፋል» ያልኩት ግን ክንዱን ራሱ ይሰጠኛል። ስለዚህ በማግስቱ ቁርስ ላይ ከልጁ ጋር ቁጭ ብዬ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። እናንተም ለልጆቻችሁ እንድትነግሩ እዚህ ልድገመው።

መጀመሪያ ስለ ርቀቱ ነገርኩት። ሃይሊ ጉቢ የኤርታሌ ተራሮች ሰንሰለት ውስጥ ያለ፣ በደቡብ ጫፍ የሚገኝ ዝቅ ያለ ተራራ ነው። ከደሴ በአየር መስመር ቢለካ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሲፈነዳ አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለነበር አመዱን ይዞ ቀይ ባሕርን አሻገረ፤ የመንና ኦማንን አልፎ እስከ ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ደረሰ። ሕንድ ውስጥ አውሮፕላኖች በረራ ሰረዙ። አመዱ ከምድጃችን አመድ ጋር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ሌላ ነው፤ የተፈጨ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሲገባ በሙቀቱ ቀልጦ ይጣበቅና ሞተሩን ያንቃል።

እዚያው አፋር፣ አፍዴራ አካባቢ፣ መንደሮች አመድ ለበሱ። በወቅቱ ሰው መሞቱ አልተነገረም። ነገር ግን ግጦሹን አመድ ስለሸፈነው አርብቶ አደሩ ለከብቱ የሚያበላው አጣ። ይህንን ለልጁ ስነግረው «ፍየሎቹ ምን በሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልብ በሉ፣ ማታ ስለ ራሱ ነበር የፈራው፤ ጠዋት እውነቱን ሲሰማ ስለ አፋር ፍየሎች ማሰብ ጀመረ። ፍርሃት እንዲህ ወደ ርኅራኄ ሲለወጥልኝ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ «እሳቱ ከየት ነው የሚመጣው?» አለ። ምድጃው ላይ ገንፎ ጥጄ ነበርና እሱን አሳየሁት።

ከእግራችን በታች እጅግ በጥልቀት ያለው አለት በጣም የጋለ ነው። አብዛኛው ግን ከላይ ያለው ክብደት ስለሚጫነው ሳይቀልጥ ጠንክሮ ይኖራል። መሬቱ ከላይ ተስቦ ሲሳሳ ጫናው ይቀንሳል፤ ያኔ ከአለቱ ከፊሉ ይቀልጥና ስንጥቅ እየፈለገ ወደ ላይ ይወጣል። በውስጡ ጋዝ አለ። ቅልጡ እንደ ቀጭን ሾርባ ከሆነ ጋዙ በቀላሉ ይወጣለታል፤ ቅልጡም ዝም ብሎ ይፈሳል። እንደ ገንፎ ወፍራም ከሆነ ግን ጋዙ ውስጥ ታፍኖ ይቆይና «ጷ» ብሎ ይተፋል። ገንፎ ሲያማስል እጁ የተቃጠለ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የዓለም ካርታ አለ። «እሳተ ገሞራ የት የት አለ?» ብሎ መምህሩን እንዲጠይቅ ላኩት፤ እኔም ማታ የቀረውን ሞላሁለት። ምድር ላይኛው ቅርፊቷ እንደተሰነጠቀ ምጣድ በብዙ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው። ቁራጮቹ በጣም ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ። አብዛኞቹ እሳተ ገሞራዎች የሚገኙት በቁራጮቹ ጠርዝ ላይ ነው።

አንዱ ቁራጭ ከሌላው ስር በሚገባበት ቦታ ትልልቆቹ ፈንጂ ተራሮች አሉ። የፓስፊክ ውቅያኖስን ዙሪያ የከበበው «የእሳት ቀለበት» የሚባለው ይህ ነው። ርዝመቱ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህላል። ጃፓን፣ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ከዚያም በአሜሪካ በኩል ከአላስካ እስከ ቺሊ ይዘልቃል። በዓለም ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ ከሚባሉት 1,350 ያህል የየብስ እሳተ ገሞራዎች ብዙዎቹ በዚህ ቀለበት ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለው ተራራ ሲፈነዳ ፀሐይን የጋረደው ብናኝ ዓለምን ስለዞረ፣ በማግስቱ ዓመት አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በጋ ሳያዩ፣ እህሉ ሳይደርስ ቀረ።

ሌላው ዓይነት ቁራጮቹ በሚለያዩበት ቦታ ያለው ነው። የአይስላንድ እሳተ ገሞራዎች እንዲህ ናቸው። የእኛም እንዲሁ። ሦስተኛው ደግሞ ከጠርዝ ርቆ፣ ከታች በሚወጣ ሙቀት ቅርፊቱ የሚበሳበት ነው፤ የሃዋይ ደሴቶች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ከዓለም ታሪክ ለወላጆች የሚሆን አንድ ትምህርት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1985 ኮሎምቢያ ውስጥ ኔቫዶ ዴል ሩዊዝ ሲፈነዳ በረዶውን አቅልጦ የጭቃ ጎርፍ ላከ። አርሜሮ የምትባለው ከተማ በሌሊት ተቀበረች፤ ከ20,000 በላይ ሰው አለቀ። አደጋው የሚያሰጋቸውን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር፤ ከተማዋ ግን በጊዜ አልወጣችም። ከስድስት ዓመት በኋላ ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲፈነዳ ባለሙያዎች አስጠነቀቁ፣ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም አስቀድሞ ተነሣ። ፍንዳታው ከኮሎምቢያው እጅግ የበለጠ ሆኖ ሳለ ብዙ ሺህ ነፍስ ተረፈ። ማስጠንቀቂያው የሚያድነው ሰሚ ሲያገኝ ነው። በክትባት ዘመቻ ቤት ለቤት ስንዞር የነበርን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን።

ወደ ሀገራችን ልመለስ። አፋር ሦስት የምድር ቁራጮች የሚላቀቁበት ቦታ ነው። ፍጥነታቸው በዓመት ጥፍራችን ከሚያድገው ያነሰ ነው፤ ግን ሥራቸውን አይተዉም። ኤርታሌ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት ነው። ቁመቱ 613 ሜትር ብቻ ሲሆን አናቱ ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቀለጠ አለት ሐይቅ ሲንተከተክ የኖረ ነው። ከዚያ በስተሰሜን ዳሎል አለ፤ ከባሕር ወለል በታች ሆኖ ጨውና ድኝ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለም የሚፈላበት።

ለእኛ ለወሎዎች የቀረበው ግን ዳባሁ ነው። መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ እኛ ደመራ ስንደምር፣ ዳባሁ አጠገብ መሬት ተከፍቶ አመድ ወጣ። በእነዚያ ሳምንታት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተላቀቀ። የዓለም ሳይንቲስቶች ውቅያኖስ እንዴት እንደሚወለድ ለማየት ወደዚያ ጎረፉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ መሬት ለሳምንታት ስትንቀጠቀጥ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያሉ ዘመዶቻችን ሌሊት ሲደውሉልን፣ በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው መነሣታቸውን ታስታውሳላችሁ።

የተኙትም ብዙ ናቸው። ቢሾፍቱ ሄዳችሁ ሆራ ሐይቅ ዳር ቡና የጠጣችሁ ሁሉ የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ነው የጠጣችሁት። ዝቋላም፣ ወንጪም እንዲሁ ናቸው።

«ታዲያ ገራዶስ?» አለኝ ልጁ።

ልዋሸው አልፈለግሁም። «ገራዶማ ደርሶ ነበር» አልኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። «መቼ?» «ሰው ሳይፈጠር። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ።»

ጦሳን ቀና ብላችሁ እዩት። ያ ጥቁር ገደል፣ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተነባበረው፣ እያንዳንዱ ደረጃ በጊዜው የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። በዚያ ዘመን መሬት በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ፣ የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች አብዛኛውን ክፍል ባዛልት በሚባል ጥቁር ድንጋይ ሸፈነች። ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ቤታችንን የሠራንበት ድንጋይ፣ የወፍጮ ድንጋያችን፣ የአጥሩ ካብ ሁሉ የዚያ እሳት ነው። በኋላ አፋር እየተላቀቀ ሲሰምጥ የዚህ አካባቢ ጠርዝም አብሮ ተሰነጠቀና ከፊሉ ወረደ። ገራዶ ሜዳ ሆኖ ተራራ መሃል የተቀመጠው፣ ቦርከናም በኮምቦልቻ በኩል ሰፊ ሜዳ ያገኘው መሬቱ ስለሰመጠ ነው።

ዛሬ ደሴ፣ ገራዶና ኮምቦልቻ አካባቢ የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ የለም። እኛ ጠርዝ ላይ ስለሆንን የሚያሳስበን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ እኔ ገና የጡት ልጅ ሳለሁ፣ ከኮምቦልቻ በከሚሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ የሚገኘው የካራ ቆሬ አካባቢ በኃይል ተንቀጥቅጦ ነበር። ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራ ቆሬም ብዙ ቤት ተናደ። እናቴ እኔን በአንቀልባ አዝላ ውጭ ማደሯን እስክትሞት ታወራው ነበር። ስለዚህ ልጆችን የምናስተምረው ይህን ነው፤ መሬት ስትነቃነቅ ቤት ውስጥ ከሆኑ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ገብተው ጭንቅላታቸውን ይሸፍኑ፣ ከመስኮትና ከከባድ ቁም ሣጥን ይራቁ፤ ውጭ ከሆኑ ከግድግዳና ከገደል ስር ይሽሹ።

አመድ የደረሰበት ቦታ ያላችሁ ወይም ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። አመዱ ሲዘንብ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ አስም ያለባቸው ቤት ይቆዩ፤ በርና መስኮቱ ስንጥቅ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይደረግ። መውጣት ግድ ከሆነ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ ከሌለም ነጠላን ደራርቦ አፍንጫን መሸፈን። ዓይን ከቆረቆረ ማሸት የለም፤ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። እንስራውና በርሜሉ ይከደን። ጎመኑ በደንብ ታጥቦ ይበላ። ከብቱን አመድ ከለበሰ ሣር ማራቅ ነው።

ይህን ሁሉ ስነግረው ልጁ ረካ። ጫማውን ፈታ። ፈትቶም በሩ ሥር ወረወረና ባዶ እግሩን ወደ ኳሱ ሮጠ። ጎረቤት ልጆች ከተዳፋቱ ቀይ አፈር ላይ ይጠብቁት ነበር። እነሱም ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ጫማው እንዳያልቅ ቤት ትተውት ነው የሚመጡት።

በሩ ላይ ቆሜ እግሩን ሳይ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ወዲያው አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ልጅ ማታ የማይመጣውን እሳት ፈርቶ ተጫምቶ ይተኛል፤ ቀን ደግሞ የመጣውን እሳት በባዶ እግሩ ይረግጣል።

እንዴት መሰላችሁ። ያ የ30 ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ኖሮ ቀይ አፈር ሆኗል። አፈሩ እህላችንን ያበቅላል፤ ባለውለታችን ነው። ነገር ግን በውስጡ ያሉ እጅግ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች ዓመት ከዓመት በባዶ እግር ቆዳ ገብተው፣ በተፈጥሮ ለዚህ የተጋለጠ ሰው ላይ የእግሩን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፣ ይደፍናሉ። እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይደድራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል። በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ሰዉ «ዝሆኔ» ይለዋል። በቆላ ትንኝ የሚያስተላልፈው ሌላ ዝሆኔ አለ፤ ይሄኛው ግን የደጋና የወይና ደጋ፣ የእሳተ ገሞራ አፈር በሽታ ነው። ትልም ሆነ ጀርም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ባካሄደው ምርምር ነው ከአፈሩ ጋር ያለውን ግንኙነት በደንብ ያሳየው። በሀገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘው ይገመታል፤ ጎጃምና ወላይታ በጣም የሚታወቁበት ናቸው። ካሜሩንም፣ ሩዋንዳም፣ ኡጋንዳም አለ፤ እሳተ ገሞራ አፈር ትቶ ባለፈበት ከፍታ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። እግሯ ማበጥ የጀመረው በአሥራ አምስት ዓመቷ ገደማ ነው። «የሞተ እባብ ረግጣ ነው» አሉ፤ ሌላው «ጅኒ ረግጣ ነው» አለ። የታጨችለት ሰው ሽማግሌ ልኮ ቃሉን አፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እግሯን በቀሚሷ ስር አጥፋ፣ ጥጥ እየፈተለች ኖረች። የትምህርት ቤት ልብሴንና ደብተሬን የገዛችልኝ በፈትሏ ነው።

የነርስነት ዲፕሎማዬን የተቀበልኩ ዕለት ቤታችን ድግስ ነበር። ከደሴ የመጡ ጓደኞቼና መምህሮቼ ነበሩ። አክስቴ ከንጋት ጀምራ ጓዳ እንጀራ ስትጋግር ዋለች፤ ወደ እንግዳ ግን አልወጣችም። ማንም አትውጪ አላላትም። ማንም ደግሞ ነይ አላላትም። እኔም ነጭ ልብሴን ለብሼ መሃል ተቀምጬ፣ አልጠራኋትም። ስለ ሽታው ፈርቼ ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም።

ነርስ ሆኜም ብዙ ዓመት «ይሄ መድኃኒት የለውም» ብዬ ነበር የማምነው። ጡረታ ከመውጣቴ ከጥቂት ዓመት በፊት ለጤና ባለሙያዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ እውነቱን ሰማሁ። አሠልጣኙ መድረክ ላይ ያስቀመጠው ዕቃ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ ብቻ ነበር። የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ገራዶ መጣሁ።

አክስቴ ያኔ ሰባ አምስት ታልፋለች። ሳፋ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ በረኪና አድርጌ፣ እግሯን ነክሬ፣ በጣቶቿ መሃል በየእጥፋቱ በሳሙና አጠብኩ። በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁ፣ ቫዝሊን ቀባሁ፣ እግሯን ከፍ አድርጌ አሳረፍኩ። በየማታው እንድታደርገው ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። በሦስት ወር ሽታው ጠፋ። ቁስሉ ደረቀ። በየወሩ አልጋ ላይ ይጥላት የነበረው ትኩሳትና የእግር ቁጣ ራቀላት። ምሥራቅ ጎጃም በተደረገ ጥናትም እንዲህ ያለው እንክብካቤ የቁጣውን መመላለስ እንደሚቀንስ ታይቷል። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን ጎደለ። ገበያ ላይ የሚሆናት ጫማ ስላልነበረ ደሴ አንድ ጫማ ሰፊ እግሯን ለክቶ ሠራላት።

ጫማውን ያደረገች ዕለት እግሯን ብዙ ጊዜ አየችውና፣ «ለካ ሳሙና ነበር?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። በመጨረሻው ልጄ ሠርግ ላይ ግን ፊት ለፊት ከእናቴ ጎን አስቀመጥኳት። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች።

በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል፤ ይህም ማለት ዘመድ የታመመበት ሰው ቆዳው ለአፈሩ ይበልጥ ይጋለጣል ማለት ነው። የልጅ ልጄ የእሷ ደም ነው። ስለዚህ ማታ ጠርቼ ይህንን ታሪክ ነገርኩት፤ ድግሱንም ጭምር። ዝም ብሎ ሰማኝና «አንቺ ለምን አልጠራሻትም?» አለኝ። «ስላፈርኩ» አልኩት። «መጥፎ ነገር ሠርተሻል» አለኝ። «አዎ ልጄ» አልኩት።

እናንተ ወላጆችና አያቶች፣ የማሳስባችሁ እንግዲህ ይህን ነው። ልጅ መራመድ ሲጀምር ጫማ ይልመድ፤ ለትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ለኳሱም፣ ለእርሻውም፣ ለእንጨት ለቀማውም። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ርካሹ ኮንጎ ጫማም ቢሆን እግሩን ከሸፈነ ከጌጠኛው ነጠላ ጫማ ይሻላል፤ ነጠላ ጫማ አቧራውን አይከለክልም። ማታ ማታ እግር በሳሙና ይታጠብ፣ በጣቶች መሃል ይድረቅ። የእግር ጣትና የእግር ፊት የሚያሳክከው፣ የሚያቃጥለው፣ ቀን ቀን አብጦ ማታ የሚጎድልለት ወጣት ካላችሁ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሲጀምር ከተያዘ ሊመለስ ይችላል። ቤታችሁ ጓዳ የተቀመጠ ሰው ካለ ደግሞ፣ ዛሬውኑ ሳፋውን አምጡ። ለእሱም ሆነ ለእናንተ አልዘገየም። አይተላለፍባችሁም። ድግስ ሲኖራችሁ ጥሩት።

የልጅ ልጄ አሁን ማታ ጫማውን አውልቆ ይተኛል። ጠዋት ተጫምቶ ይወጣል። ለጎረቤት ልጆች ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን ከአምስቱ ኳስ ተጫዋቾች ሦስቱ ተጫምተው መጥተዋል። ለቀሩት ሁለቱ ከጎረቤቶች ጋር ገንዘብ እያዋጣን ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሳሉ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱልኝ።